መቀስ የያዘ እጅ

ሴቶች ጡታቸውን ለማሳየት ከሚያፍሩት ይልቅ ብብታቸውን ለማሳየት ያፍራሉ። ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን የአልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠራ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ነገር አትከራከሩኝ። አንዷ «ዛሬ ሳልታጠብ ነው የመጣሁት» ትላለች። ሌላዋ «ሳልላጭ መጣሁ፣ ነገ ልመለስ?» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ሽቶውን በላይ በላይዋ አርከፍክፋ ትመጣና ኮሪደሩን በሙሉ ታስነጥሰዋለች። ሞትን ጠርጥሮ የመጣ ሰው ስለ ጠረኑ ሲጨነቅ ማየት በፊት በፊት ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም፤ ምክንያቱ መሣሪያውን የምትይዘው የባለሙያዋ ነገር ነው።

ባለሙያዋ ግዙፍ ሴት ናት። በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች፣ ስትራመድ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ የጫማዋ ድምፅ ይደርሳል። ጭምት የሆነ ሰው ሲያያት ይደነግጣል፤ አፏን ስትከፍት ግን ድንጋጤው ይጠፋል። «አልላጨሁም» ለምትላት «እኔም አልላጨሁም፤ ከፈለግሽ እንተያይ» ትላታለች። የማይስቅ የለም፤ ሲስቁ ደግሞ ክንዳቸው ሳይነገረው ይነሳል። የጄሉን ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ቀዝቃዛ ጄል ብብት ላይ ሲያርፍ ሰው ይዘላል፣ የሚዘል ሰው ደግሞ ምስሉ አይያዝም ትላለች። ለብዙ ዓመት የእርጉዝ ሆድ ስታይ ነው የኖረችው። ከዚያ አለቆቿ «እጅሽ ጥሩ ነው» ብለው ወደ ጡትና ብብት አዛወሯት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ወንድ ነው» ስትል የነበረች ሴት «ትንሽ ቆዪ፣ ሐኪሙን ልጥራ» ማለት ጀመረች። ይህንን እድገት ይሉታል!

ኮሪደሩ ላይ የወጣላት ስም «እጅ አንባቢዋ» ነው። ብብቷ ያበጠባትን ሴት አልጋው ላይ አስተኝታ መሣሪያውን ከማሳረፏ በፊት እጇን ትይዛለች። ታገላብጠዋለች፣ ጣት ከጣት ትለያለች፣ ጥፍር ሥር ታያለች። የምትፈልገው ቁስል ነው። እጁ የቆሰለ ሰው በዚያው በኩል ብብቱ ውስጥ ንፍፊት ይወጣበታል፣ እግሩ የቆሰለ ደግሞ ብሽሽቱ ውስጥ፤ ይህንን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች። ቁስሉ ሲድን እብጠቱም ይከስማል። ስለዚህ እጅ አንባቢዋ ቢላ የሳታትን ወይም ድመት የቧጨረቻትን ስታገኝ «እሰይ! ተቆርጠሻል!» ትላለች። ሌላው ሰው ተቆረጥኩ ሲሉት አይዞሽ ይላል፣ እሷ እሰይ ትላለች። ሴቶቹም ወጥተው ተራ ለሚጠብቁት ያወራሉ፤ «ቁስል ካለብሽ በክኒን ትሸኝሻለች፤ ከሌለብሽ ነው ነገሩ።» እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እጇን እያገላበጠች ቁስል የምትፈልግ ሴት ስንቴ አይቻለሁ።

ዋናው ነገር ግን ስክሪኑ ነው። አንድ ቀን ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ወደ ውስጥ ጠርታ አሳየችኝ። «ጤነኛው እንደ ባቄላ ነው። ዙሪያው ጠቆር ይላል፣ መሃሉ ነጭ ነው። ነጩን እስካየሽ ድረስ አትደንግጪ። ክብ ሆኖ፣ መሃሉ ጠፍቶ፣ ድፍን ሲጠቁር ነው የሚያስፈራው።» ለእኔ ሁሉም ጭጋግ ነው። «እሺ» ብያት ወደ በሬ ተመለስኩ።

ይህችን ሴት ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው በካንሰር ሲሞቱ ታናሽየዋ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ታላቅየዋ ትምህርቷን ጥላ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያም አልተነሳችም። የምትሰፋው መጋረጃ ነው፤ የሰፈሩ ሰው «እትዬ መጋረጃ» ይላታል፤ እኩያዋ የሆንኩት እኔ እንኳ እትዬ ነው የምላት። አንድ ባል መጥቶላት ነበር። «እህቴንም ይዤ ነው የማገባህ» ስትለው ላስብበት ብሎ ሄደ፤ እስካሁን እያሰበ ነው። ያቺ ሐኪም የምታዝ፣ ኮሪደር የምታናውጥ ባለሙያ እትዬ ፊት ስትቆም «ሚጣ» ናት። «ሚጣ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» «ሚጣ፣ ሹራብ ሳትደርቢ ወዴት?» ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፣ እግዜር ልጅም አልሰጣቸውም። ስለዚህ ከሥራ ስትወጣ እራቷን የምትበላው ከሱቁ ጀርባ ባለችው የእትዬ ክፍል ነው። እየበላች የውሎዋን ሁሉ ታወራለች። ማን እንደመጣች፣ ምን እንዳየች፣ ቁስል ስታገኝ እንዴት ትንፋሽዋ መለስ እንደሚል። እትዬ እየሰፋች ታዳምጣለች።

ነገሩ የጀመረው መሰላል ላይ ነው። አንድ ቀን ሚጣ ስትደርስ እትዬ የሱቋን ደጅ መጋረጃ እየሰቀለች ነበር፤ በግራ እጇ። ዕድሜዋን ሙሉ በቀኟ የሠራች ሴት።

«ቀኝሽን ምን አገኘው?»

«ደክሞታል፣ ዕረፍት ሰጥቼዋለሁ። በነጻ ነው የሚያገለግለኝ፣ ልበድለው?»

ሚጣ ስቃ ከመሰላሉ አወረደቻትና እንደ ልጅነታቸው ልትኮረኩራት እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ጣቷ ጠጣር እብጠት ነካ። ደጋግማ ዳሰሰችው። እትዬ ለመሳቅ ሞከረች፤ የሚስቅ ሰው ግን ጠፋ። «ነገ ትመጫለሽ» አለቻት። «ነገማ ሥራ አለብኝ፤ ላስረክብና በሚመጣው ሳምንት።» ተከራክረው ተከራክረው በሚመጣው ሳምንት ሆነ።

የመጣች ቀን በሩ ላይ ያገኘኋት እኔ ነኝ። የቀኝ እጇን አመልካች ጣት በመጋረጃ ቁራጭ ጠቅልላዋለች። «ምን ሆነሽ ነው እትዬ?» ስላት «መቀስ» አለችኝና ተቀመጠች። ባለሙያ የራሱን ቤተሰብ አይመረምርም የሚል ደንብ አለን። ሌላው ባለሙያ ወንድ ነው፤ እትዬ ዓይኗን አፍጥጣ «የወንድ እጅ ብብቴ ውስጥ? በዚህ ዕድሜዬ? ያገባኝ ሰው እንኳ ያላየውን!» አለች። «ማን አገባሽና» አልኳት። «እሱን ነው የምልሽ» አለችኝ። ደንቡን ትተን ሚጣ ጋ እየሳቅን ነው የገባነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። ሚጣ ብቻዋን መሆን ስላልፈለገች እኔንም «ግቢና ቁሚልኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ እጇን ያዘች። የመጋረጃውን ቁራጭ ፈታችው። ጣቱ ጎኑን ረዘም ብሎ ተሰንጥቋል፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ አመርቅዟል። የሚጣን ፊት አየሁት። እንደ ልጅ ሆነ። «እሰይ!» አለች። «እሰይ እትዬ! ግን ያን ቀን ነበረብሽ እንዴ?»

«ነበረብኝ እንጂ። ብብቴን ስትቆፍሪ ጣቴን መች አየሽው?»

ሚጣ ሞቅ ያለውን ጄል ቀባቻትና መሣሪያውን አሳረፈች። መጀመሪያ ጡቷን አየች፤ ሰላም ነው አለች። ከዚያ ወደ ብብቷ ወጣች። ስክሪኑ ወደ እሷ ዞሮ ስለነበር እኔ የማየው ፊቷን ብቻ ነው። ምስሉን ያዘች፣ ለካች፣ ለቀቀችው። እንደገና ያዘች። ስክሪኑን ታያለች፣ ጣቱን ታያለች፣ ተመልሳ ስክሪኑን ታያለች። እትዬ ጣራውን ሳይሆን የእህቷን ፊት ነበር የምታየው። እኔ እዚያ ቆሜ የትኛዋ ታማሚ እንደሆነች ጠፍቶኝ ነበር።

«ንፍፊት ነው» አለች በመጨረሻ።

ውጤቱ ላይ የሚፈርመው የራጅ ሐኪሙ ነው። መጥቶ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። «የዚህ መሃሉ የታለ?» አላት።

«ጣቷን እየው። ያመረቀዘ ቁስል ነው።»

«አየሁት፤ ግን...»

«ቁስሉ ይዳንና እንደገና እናየዋለን። ምን ቸኮልን?»

ሐኪሙ ስክሪኑን ትቶ እሷን አየ። አብረው ብዙ ሠርተዋል፣ እሷም ስታ አታውቅም። «አንቺ ካልሽ እሺ» አለና መድኃኒት አዞ ሄደ። እትዬ ከአልጋው ስትነሳ የሚጣን ጉንጭ በግራ እጇ መታ መታ አድርጋ «ደነገጥሽ አይደል? አይዞሽ» አለቻት። ታማሚዋ አስታማሚዋን አጽናንታ ወጣች።

ቁስሉ ግን አልዳነም። መድኃኒቱ አለቀ፣ ሌላ ታዘዘ፣ እሱም አለቀ። ሚጣ ማታ ስትሄድ መጀመሪያ የምታየው ያንን ጣት ሆነ። ሲደርቅ ታይና ደስ ይላታል፤ ስትመለስ እንደገና ተከፍቶ ታገኘዋለች። «ሥራ ላይ ነው ያለሁት፣ ጨርቅ ሲነካው እንዴት ይድናል?» ትላለች እትዬ። ስኳር ይኖርባት ይሆናል ተብሎ ተመረመረች፤ የለባትም። ሚጣ ቅባት አመጣች፣ ፋሻ አመጣች፣ የእጅ ጓንት ሁሉ ገዝታ አመጣች። በሥራ ቦታ ስለ ጣቱ እንጂ ስለ ብብቱ አታወራም ነበር። «ትናንት ትንሽ ጠገግ ብሏል» ትለኛለች። እኔም «እሰይ» እላታለሁ። ምን ልበላት?

ለሁለተኛ ጊዜ ስትታይ እብጠቱ ጨምሯል፣ አጠገቡም ሌላ ወጥቷል። ቁስሉም ብሷል። «ቁስሉ ስለባሰ ነው የባሰው» አለች ሚጣ፤ ለማን እንደነገረችው አላውቅም፣ ክፍሉ ውስጥ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰው ማመን የፈለገውን ነገር የሚያምንበት ሰበብ አያጣም። ጨርሶ ድንጋይ የሆነ ልብ ካልሆነ በቀር በዚያ ሰዓት «አንቺ ሴት፣ ንቂ» የሚላት አይኖርም፤ እንዲህ ዓይነት ልብ ያለው ሰው ደግሞ እዚያ ሕንፃ ውስጥ በሚያስፈልግበት ቀን አይገኝም።

የነቃችው በብርቱካን ነው። በሠራተኞች ማረፊያ ቁጭ ብለን ስትልጥ ቢላው አዳለጣትና የግራ አውራ ጣቷን ቆረጣት። «ብብትሽን ልይልሽ?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። ደሙን ከመጥረግ ይልቅ ታየው ጀመር። ከዚያ ቢላውን አስቀመጠችና የእኔን ግራ እጅ ሳብ አደረገችው። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ድንች ስልጥ የተቆረጥኩት ሁሉ እዚያ ላይ አለ፤ ጠባሳ በጠባሳ ነው። «ቀኝሽን አምጪ» አለችኝ። ሰጠኋት። ጠባሳ የለበትም።

«ይሄኛው ለምን አልተቆረጠም?»

«ቢላውን የሚይዘው ማን ሆነና!» አልኳት። አሁንም ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ክው አለች። ብርቱካኑን እንደያዘች ተነስታ ወጣች፤ ደሟ ኮሪደሩ ላይ እየተንጠባጠበ። አበደች ወይስ ምን ሆነች ብዬ ጃኬቷን ይዤ ተከተልኳት። ተራ ጠባቂዎቹ ይጮሁብኝ ነበር፤ ይጩሁ።

እትዬ ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ሚጣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መቀስ በጣቷ አሳየቻት። «እትዬ፣ አንሺው።» እትዬ በቀኟ አነሳችው። «ጨርቁን ቁረጪ።» እያመማት፣ ክንዷ በግድ እየታዘዘ፣ ቆረጠች። የቀኝ እጇ መቀሱን ይዟል፣ ግራዋ ጨርቁን። ሚጣ ሁለቱን እጆች አየች፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ በዚሁ መቀስ ይህንኑ ቀኝ ጣትሽን ቁረጪው። አሳዪኝ። እንዴት አድርጎ እንደሳተሽ አሳዪኝ» አለቻት።

እትዬ መቀሱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«በምላጭ ነው» አለች። «ስፌት የምተረትርበት ምላጭ አለ አይደል፣ በእሱ። በግራ እጄ። እንዳይደርቅ ደግሞ ጨው አደርግበታለሁ።»

ይህንን ስትናገር ስለ ሰው ሥራ እንጂ ስለ ራሷ ሥጋ የምታወራ አትመስልም። እኔ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጥኩ። ሚጣ መጮህ ጀመረች። እህቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም፤ እሷም ራሷ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። «ገደልሽኝ! እትዬ፣ ገደልሽኝ!»

«የምሞተው እኔ፣ አንቺን ምን ገደለሽ?» አለቻት እትዬ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አንቺው አይደለሽ እዚህ ቁጭ ብለሽ የነገርሽኝ? ቁስል ሳይ ትንፋሼ መለስ ይላል አላልሽኝም? እንድትተነፍሺ ነዋ። እናታችንን ያስታመምኳት እኔ ነኝ ሚጣ፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ። ምን እንደሚያደርጋቸው አይቻለሁ። የእኔን ስታዪው ፊትሽ ምን እንደሚሆን አሰብኩ፤ አልቻልኩም። ሌላ ምን ልበልሽ፣ አልቻልኩም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ተረቱ በሽታውን ከማን እንደሚደብቅ አይናገርም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔ ደሜ ይፈላ ነበር፤ በማን እንደምቆጣ ግን አላገኘሁትም። በማግስቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደላት። ካንሰር የሚለውን ውጤት ሐኪሙ ሲያነብ እጅ አንባቢዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለች። በትልቁ ሆስፒታል ሲያዩዋት ጡቷ ውስጥ በእኛ መሣሪያ ያልታየ ትንሽ ነገር ጠለቅ ብሎ ተገኘ፤ ከዚያ ተነስቶ ብብቷ፣ ከብብቷ ደግሞ ሳንባዋና አጥንቷ ደርሷል።

እዚያ ያለውን ሐኪም ሚጣ ለብቻው አግኝታ ጠየቀችው፤ ያኔ መጀመሪያ ቀን ቢታወቅ ኖሮ? ሐኪሙ የሙያ ባልደረባው ስለሆነች አልደበቃትም። ያኔ ገና ብብት ላይ ከሆነ፣ መዳን ይቻል ነበር አላት። በእርግጠኝነት ባይሆንም፣ ይቻል ነበር። ይህንን የነገረችኝ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ነው። እኔም «ምን ታደርጊያለሽ፣ አታለለችሽ» አልኳት። ሰው የሚለውን ማለቴ ነበር።

«አላታለለችኝም» አለች። «መሃሉ አልነበረም። ነጩ አልነበረም፣ ድፍን ጥቁር ነበር። አይቼዋለሁ። የሌላ ሰው ቢሆን ጣቷ ቢቆረጥ እንኳ የመርፌ ናሙና ነበር የማስወስደው። የእሷ ስለሆነ ጣቷን ያዝኩ። እሷ ቁስሉን ሰጠችኝ፣ እኔ ደግሞ ወደድኩት።»

እጇን ያዝኩላት፤ ምንም አልጠቀማት።

እትዬ በጀርባዋ ክፍል ተኛች። ቀኝ ክንዷ አብጦ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ መቀስ መያዝ ቀርቶ ማንኪያም አይይዝም። ሚጣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ጸጉሯን ታበጥራለች። እኔም ከሥራ መልስ ጎራ እላለሁ። ሾፌሩም ከመንገድ ሲመለስ መጥቶ ሚስቱን ከኩሽና ያስወጣና ሾርባ ይሠራል፤ ሾርባው አይጣፍጥም፣ ግን ሁሉም ይጠጡታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባውን እያጎረስኳት ሳለ እትዬ ማንኪያውን በከንፈሯ ገፋችው። ሚጣ ያበጠውን ክንዷን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች ነበር። ያን ቀን ሱቁ በር ላይ ስንገናኝ «ዛሬ ልነግራት ነው፣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት ነው» ብላኝ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ልነሳ፣ ልውጣላቸው እያልኩ ነው። እትዬ ቀደመቻት።

«ሚጣ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳትዋሺኝ። ያ ምላጭ ነው የገደለኝ?»

ፎጣው ቆመ።

«ያን ቀን፣ ቁስል ባይኖርብኝ ኖሮ፣ ያኔ ብታገኚው ኖሮ?»

ሚጣ ፎጣውን ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀችው። ፊቷ አልተለወጠም። በድሮው ክፍሏ «ልጅሽ ደህና ነው፣ ልቡ እየመታ ነው» ትልበት በነበረው ድምፅ «ያኔም ያው ነበር እትዬ» አለች። «ገና ሳትመጪ ተበትኖ ነበር። ምላጩም ምንም አላደረገ፣ እኔም ባየው ምንም አላደርግም ነበር።»

እትዬ የእህቷን ፊት ትመረምረው ጀመር። ያሳደገችው ፊት ነው፤ ሲዋሽ፣ ሲርበው፣ ሲያመው ታውቀዋለች። ከዚያ ደረቷ ዝቅ አለ፣ ትከሻዋ ትራሱ ላይ ወደቀ።

«ተመስገን» አለች። «እኔ እኮ ራሴን በራሴ እጅ ገደልኩ፣ አንቺንም በደልኩሽ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ተመስገን። በይ ሾርባውን አምጪው።»

ጠጣችና ተኛች። ሚጣ ወደ ሱቁ ወጥታ ተሰቅለው ከቀሩት መጋረጃዎች መካከል ቆመች። ተከተልኳትና «ጥሩ አደረግሽ፣ አሳረፍሻት» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

«አሁን ይቅርታ በምን ልጠይቃት?» አለችኝ። «ምንም አልተበደልሽም ብያት ይቅር በይኝ ልበላት?»

የዚያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ይቅር በይኝ ካለቻት መዋሸቷን ትነግራታለች፤ መዋሸቷን ከነገረቻት ደግሞ እትዬ በዚያ ምላጭ ራሷን እንደገደለች አውቃ ትሞታለች። እህቷን ያሳረፈችበት ቃል የራሷን አፍ ዘጋው። ልትከፍተው የምትችልበት አንድም መንገድ አልነበረም፤ አስቤዋለሁ፣ እስካሁንም አስበዋለሁ፣ የለም።

እትዬ ከዚያ ወዲያ ቀለል አላት። መሞቷን አውቃለች፣ ግን መብላትም መቀለድም ጀመረች። ሊጠይቃት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ መጋረጃ ያሰፋው ሰፈር ሁሉ ይመጣል። ሚጣ ሻይ ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ትሰበስባለች። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሁልጊዜ «ምነው ቀደም ብለሽ ብትታዪ ኖሮ!» ትላለች፤ ሰው የታመመ ሊጠይቅ ሲመጣ ምላሱን ቤቱ ትቶ አይመጣም። ያኔ እትዬ ከትራሷ ቀና ትላለች፤ ዓይኗ ያበራል።

«ኧረ ቀደም ብዬም ያው ነበር! እህቴ በመሣሪያ አይታኝ የለም እንዴ! እሷ አይታ ስታ አታውቅም። ያኔም ቢሆን ያው ነበር ብላኛለች። አይደለም ሚጣ?»

«ነው እትዬ» ትላለች ሚጣ፣ ትሪውን እንደያዘች።

እንግዳ በገባ ቁጥር ትጠይቃታለች፤ በጠየቀቻት ቁጥር «ነው» ትላለች። እትዬ እስክትሞት ድረስ ደግሞ ያ ቤት እንግዳ አላጣም።